ፋርማኮሎጂን በውጭ አገር በመጀመሪያ ዲግሪ ለመማር፦ ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የሚነሡ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ፋርማኮሎጂና ፋርማሲ አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ከሁሉ በፊት ይህን ለዩ። ቤተሰብ ከፍሎ፣ ልጅ ሁለተኛ ዓመት ደርሶ ልዩነቱ ሲገለጥ ገንዘቡንም ዓመቱንም የሚመልስ የለም።

ፋርማሲ ፈቃድ የሚወጣበት ሙያ ነው። ፋርማሲስት መድኃኒት ያዘጋጃል፣ ያድላል፣ የታዘዘውን መጠን ይመረምራል፣ ለታካሚው አወሳሰዱን ያስረዳል። ፋርማኮሎጂ ግን ሳይንስ ነው፤ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ፣ ሰውነትም በተራው መድኃኒቱን ምን እንደሚያደርገው ያጠናል። አንድ የወባ ታካሚ ኮአርተም ሲሰጠው ፋርማሲስቱ «ቅባት ካለው ምግብ ጋር ውሰደው» ይለዋል። ፋርማኮሎጂስቱ ደግሞ የዚያ ምክር ምንጭ ነው። በኮአርተም ውስጥ ያለው ሉመፋንትሪን በውሃ በደንብ ስለማይሟሟ ያለ ቅባት ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ብቻ መሆኑን የሚለካው እሱ ነው።

ስለዚህ በፋርማኮሎጂ ባችለር የተመረቀ ሰው የፋርማሲስት ፈቃድ አያገኝም፤ እዚህም እዚያም። በእንግሊዝ ፋርማሲስት ለመሆን ኤምፋርም የሚባለውን የ4 ዓመት ዲግሪ፣ ከዚያ የ1 ዓመት የሥራ ላይ ሥልጠና፣ ከዚያ የምዝገባ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የፋርማሲ ባችለር 5 ዓመት ነው። «ተመልሼ ባሕር ዳር መድኃኒት ቤት እከፍታለሁ» የሚል ተማሪ ፋርማኮሎጂ ላይ አይመዝገብ። በላብራቶሪ ምርምር፣ በአዲስ መድኃኒት ፍለጋ፣ በክሊኒካል ሙከራ ወይም በመድኃኒት ደኅንነት ክትትል መሥራት የሚፈልግ ግን ቦታው እዚህ ነው።

በባችለር ደረጃ የሚሰጡት የትኞቹ አገሮች ናቸው?

ብዙ አገሮች ፋርማኮሎጂን ከማስተርስ በፊት ለብቻው አያስተምሩም። ራሱን የቻለ ባችለር በብዛት የሚገኘው በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድ፣ በአየርላንድ፣ በካናዳና በአውስትራሊያ ነው። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን፣ ኪንግስ ኮሌጅ ለንደን፣ ብሪስቶልና ሊድስ ከእንግሊዝ፤ ኤድንብራና ግላስጎው ከስኮትላንድ፤ ቶሮንቶ፣ ማክጊልና አልበርታ ከካናዳ የታወቁት ናቸው። በአውስትራሊያ እንደ ሜልበርን ባሉት «ሳይንስ» ብላችሁ ትገቡና ፋርማኮሎጂን ዋና ትምህርት አድርጋችሁ ትመርጣላችሁ። በአሜሪካ ጥቂት ብቻ ናቸው፤ ከነሱም ስቶኒ ብሩክና ሳንታ ባርባራ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይጠቀሳሉ። ሌላው የአሜሪካ ተማሪ ባዮኬሚስትሪ ወይም ኬሚስትሪ ተምሮ ፋርማኮሎጂን በድኅረ ምረቃ ይይዛል።

በሕንድ፣ በቱርክና በጀርመን በባችለር ዕድሜ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ፋርማሲ ነው። «ሕንድ ፋርማኮሎጂ ልትማር ነው» ሲባል ብትሰሙ፣ የቅበላ ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን የዲግሪ ስም ፊደል በፊደል አንብቡ።

ርዝመቱ በእንግሊዝ 3 ዓመት፣ በኩባንያ ወይም በምርምር ተቋም የሚያሠራው ዓመት ሲጨመር 4 ነው። በስኮትላንድና በካናዳ 4 ዓመት ነው። የሥራ ዓመት ያለውን ብታገኙ ምረጡት። ያን ዓመት ያለፈ ተመራቂ ፒፔት ይዞ ነው ቃለ መጠይቅ የሚገባው ማለት ይቻላል።

ምን ምን ይማራሉ? ላብራቶሪው ምን ይመስላል?

አንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ፊዚዮሎጂ፣ የሕዋስ ባዮሎጂና ስታቲስቲክስ ነው፤ መድኃኒት ገና በሩቁ ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሪሴፕተሮች (መድኃኒት ተያይዞ ሥራውን የሚጀምርባቸው የሕዋስ ክፍሎች)፣ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የሚያደርገው ጉዞ (መግባት፣ መሠራጨት፣ መለወጥ፣ መውጣት)፣ የነርቭና የልብ መድኃኒቶች ይመጣሉ። የመጨረሻው ዓመት ግማሹ ራሳችሁ በምትሠሩት ጥናት ይሸፈናል።

ላብራቶሪውን በአንድ የቆየ ሙከራ ላሳያችሁ። ከጊኒ ፒግ ትንሹ አንጀት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ጨውና ስኳር ባለው ፈሳሽ ውስጥ በክር ይንጠለጠላል። ፈሳሹ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ኦክስጅን ይነፋበታል። የክሩ ሌላ ጫፍ መሳቢያ ኃይልን ከሚለካ መሣሪያ ጋር ይያያዛል። አሴቲልኮሊን (ነርቭ ለጡንቻ መልእክት የሚያስተላልፍበት ኬሚካል) ጠብ ስታደርጉበት አንጀቱ ይኮማተራል፤ ኮምፒውተሩም ወደ ላይ የሚወጣ ጫፍ ይስላል። 30 ሰከንድ ትጠብቃላችሁ፣ ታጥባላችሁ፣ በ3 ደቂቃ ዑደት ቀጣዩን እጥፍ መጠን ትጨምራላችሁ። ከዚያ አሴቲልኮሊንን የሚገታውን አትሮፒን ጨምራችሁ ያንኑ ትደግማላችሁ። መጠኑንና መኮማተሩን አያይዞ የሚያሳየው የግራፍ መስመር ቅርጹን ሳይለቅ ወደ ቀኝ ይሸሻል፣ ጣሪያው ግን አይወርድም። አትሮፒን ሪሴፕተሩን አላጠፋውም ማለት ነው፤ ቦታ ተሻምቶ ነው፤ አሴቲልኮሊን ሲበዛበት ይለቃል። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ «ተወዳዳሪ ተቃዋሚ» የሚለውን ቃል ሁለተኛ አይረሳውም።

ሙከራው የሚበላሸው በጥቃቅን ነገር ነው። በደንብ ካልታጠበ የቀደመው መድኃኒት ይቀርና ቀጣዩ መጠን ከእውነቱ ይበልጣል ወይም ሥጋው ይደነዝዛል። የውሃው ሙቀት ከወረደ አንጀቱ ይለግማል። ክሩ የአንጀቱን አፍ ከቋጠረው ደግሞ ፈሳሹ ወደ ውስጥ በደንብ አይዘልቅም። ከአገራችን የሚሄዱ ተማሪዎች በንድፈ ሐሳቡ አይቸገሩም፤ የሚያንሳቸው የእጅ ልምድ ነው። የትምህርት ቤታችሁ ላብራቶሪ ክፍት ከሆነ፣ ለፈተና ባይመጣም ታይትሬሽንን ደጋግማችሁ ሥሩ።

እንስሳ መግደል ይኖርብኛል?

በባችለር ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ አይጠየቅም። በእንግሊዝ በሕይወት ባለ እንስሳ ላይ የሚደረግ ሙከራ በ1986 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ጥብቅ ፈቃድ ይፈልጋል። ተማሪዎች የሚያገኙት ተዘጋጅቶ የቀረበ የሥጋ ቁራጭ ነው፤ ብዙ ቦታም በኮምፒውተር የሚሠራ አማራጭ አለ። ሃይማኖት ወይም ኅሊና የሚከለክላችሁ ነገር ካለ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ፤ እዚያ እንዲህ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሒሳብ ይበዛበታል?

አዎ። ከባድ ካልኩለስ ግን አይደለም፤ ሎጋሪዝም፣ ግራፍ፣ አሃድ መቀየርና ስታቲስቲክስ ነው። ራሳችሁን በእነዚህ ሦስት ፈትኑ።

አንደኛ፣ በጣና ዳርቻ ልጆች ላይ የሚታየው ቢልሃርዚያ በፕራዚኳንቴል ይታከማል፤ መጠኑ በኪሎ ግራም ክብደት 40 ሚሊ ግራም ነው። ልጁ 45 ኪሎ ቢመዝን 1,800 ሚሊ ግራም ይደርሰዋል፤ ፍሬው 600 ሚሊ ግራም ከሆነ 3 ፍሬ ነው። (በትምህርት ቤት ዘመቻ ሚዛን በሌለበት በቁመት መለኪያ ዘንግ የሚሰጠውም ይኸው ስሌት አስቀድሞ ተሠርቶ ነው።)

ሁለተኛ፣ ካፌይን በጤነኛ አዋቂ ሰውነት ውስጥ ግማሹ ለመውጣት ወደ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የዘጌ ቡና ከአቦል እስከ በረካ ተጠጥቶ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን ገባ እንበል። ከምሽቱ 3 ሰዓት 100፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት 50 ሚሊ ግራም ገና ደም ውስጥ አለ። በእርጉዝ ሴት ግን መውጫው በጣም ይረዝማል። «ለምን?» ብሎ ማሰብ ከጀመራችሁ ፋርማኮሎጂ ጀምራችኋል፤ መልሱ ካፌይንን የሚፈጨው የጉበት ኢንዛይም በእርግዝና መድከሙ ነው።

ሦስተኛ፣ 1 ሚሊሞላር ከሆነ ብጥብጥ 0.2 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ 20 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ብትጨምሩ የመጨረሻው ስንት ነው? መቶ ጊዜ ቀጥኗልና 10 ማይክሮሞላር ነው። በተግባር ትምህርት ብዙ ነጥብ የሚወድቀው እዚህች ዜሮ ላይ ነው።

ስለ ነጥብ ደግሞ አንድ ነገር። በእንግሊዝ ማለፊያው 40 ሲሆን ከ70 በላይ ከፍተኛው ማዕረግ ነው። 65 ያመጣ ልጅ ጥሩ ውጤት ይዟል፤ ወላጆች እንዳትደነግጡ።

የ12ኛ ክፍል ውጤቴ ቀጥታ ያስገባኛል?

ወደ ብዙዎቹ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች አያስገባም። ከእኛ 12ኛ ክፍል በኋላ የ1 ዓመት መሰናዶ (ፋውንዴሽን)፣ ወይም በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ በጥሩ ነጥብ የተጠናቀቀ አንደኛ ዓመት፣ ወይም ኤ ሌቭል (የእንግሊዝ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና) ይጠይቃሉ። በካናዳና በአሜሪካ የ12ኛ ክፍል ማጠናቀቂያና ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ትራንስክሪፕት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ፉክክሩ ግን ብርቱ ነው።

ኬሚስትሪ የሌለበት ማመልከቻ አይታሰብም፤ ባዮሎጂና ሒሳብ ይከተላሉ። አንድ ዩኒቨርሲቲ «ኢትዮጵያ» ብሎ የለየው መስፈርት ድረ ገጹ ላይ ካላገኛችሁ ለቅበላ ክፍሉ ጻፉ። በኢሜይሉ ላይ የምትገቡበትን ዓመት፣ የእያንዳንዱን ትምህርት ውጤትና የዲግሪውን ስም ጥቀሱ። «መስፈርቱ ምንድን ነው?» ብቻ ብሎ ለሚጽፍ የሚመጣለት መልስ የድረ ገጹ አድራሻ ነው።

የትኛውን የእንግሊዝኛ ፈተና ልፈተን?

ለዲግሪው ራሱ የተለመደው መስፈርት አይኤልትስ አካዳሚክ በአጠቃላይ 6.5፣ በየክፍሉ ከ6.0 ያላነሰ ነው። ውጤቱ የሚያገለግለው 2 ዓመት ነው፤ ስለዚህ 11ኛ ክፍል ላይ አትቸኩሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ወደ እንግሊዝ የምትሄዱት በፋውንዴሽን ከሆነ፣ ትምህርቱ ከዲግሪ በታች ስለሚቆጠር ቪዛው «ለዩኬቪአይ» (ለእንግሊዝ ቪዛ ሰጪ ክፍል) ተብሎ የተለየውን አይኤልትስ ወይም ሌላ መንግሥት የፈቀደውን ፈተና ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የምዝገባው ዓይነት ነው የሚለየው። ተራውን ተፈትኖ የመጣ ተማሪ 7.5 ቢያመጣም ድጋሚ ይከፍላል።

ዱኦሊንጎን ቤት ሆኖ መፈተን ይቻላል፤ ብዙ የአሜሪካና የካናዳ ዩኒቨርሲቲዎችም ይቀበሉታል። ፈተናው 1 ሰዓት ያህል ነው፤ ካሜራው ሁልጊዜ ፊታችሁ ላይ ይሆናል፤ ዓይን ከስክሪኑ በተደጋጋሚ ከወጣ ውጤቱ ሊሰረዝ ይችላል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ባትሪው የማይዝ ኮምፒውተር ይዞ መቀመጥ ገንዘብ መጣል ነው። ጄኔሬተር ያለው ቦታ ጸጥ ያለ ክፍል ተከራዩ፤ ማንም በሩን እንዳይከፍት አስጠንቅቁ።

ሰነድ ላይ የሚበዛው ችግር ምንድን ነው?

ስምና ቀን። ሌላው ሁሉ ከነዚህ ሁለቱ በኋላ ይመጣል።

ፀሐይ የሚባል ስም በትምህርት ቤት ካርድ ላይ በላቲን «ቲ» እና «ኤስ» ተጀምሮ፣ ፓስፖርት ላይ በ«ቲ» ብቻ ተጀምሮ፣ የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ላይ መጨረሻዋ በሌላ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ለእኛ አንድ ሰው ናት፤ ለውጭው ቅበላ ክፍል ሦስት ሰው ናት። ፓስፖርቱን መሠረት አድርጉ። ፓስፖርት ገና ካላወጣችሁ አጻጻፉን ከ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቱ ጋር አንድ አድርጋችሁ አውጡ፤ ይህ ነው ብዙ ምልልስ የሚያድነው። የቤተሰብ ስም በሚል ቦታ ፓስፖርቱ ላይ የሰፈረውን እንዳለ ገልብጡ፤ አንዱ ቅጽ ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት አታድርጉ።

ቀኑን ስትቀይሩ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ (የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ) 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይጨመራል። ጥቅምት 15 ቀን 1999 የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 25 ቀን 2006 ነው የተወለደው፤ የካቲት 10 ቀን 1999 የተወለደው ግን ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2007 ነው። ወሩንና ቀኑን እንዳለ ትቶ 8 ብቻ የደመረ የልደት ሰርተፊኬት ከፓስፖርቱ ጋር ይጋጫል። የትምህርት ዓመቱም እንዲሁ ነው፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ «2016» ብቻ ተጽፎ ከሄደ አንባቢው ከእውነቱ 8 ዓመት ያህል ቀድማችሁ የተማራችሁ ይመስለዋል። ርእሰ መምህሩን «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚለውንና የፈረንጆቹን ዓመት ጎን ለጎን እንዲያስጽፉላችሁ ለምኑ።

ከትምህርት ቤት የምትፈልጉት ማኅተም ያለበት የ4 ዓመት ትራንስክሪፕት፣ በታሸገ ፖስታ ሁለት ወይም ሦስት ቅጂ፣ ከኬሚስትሪና ከባዮሎጂ መምህር የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ኢትዮጵያ የአፖስቲል ስምምነት (ሰነድ በአንድ ማረጋገጫ በአባል አገሮች ሁሉ እንዲታመን የሚያደርገው) አባል ስላልሆነች ማረጋገጫ የሚጠይቅ አገር ካለ ሰነዱ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ በአገሩ ኤምባሲ ያልፋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና፣ ማመልከቻው ከመዘጋቱ ቢያንስ 3 ወር ቀድማችሁ ጀምሩት።

ለምን ፋርማኮሎጂ እንደመረጥኩ ስጽፍ ምን ልበል?

ለእንግሊዝ የምታመለክቱት ዩካስ በሚባለው አንድ ቅጽ ነው፤ እስከ 5 ምርጫ ይፈቅዳል፤ ዋናው መዝጊያ ጥር ውስጥ ነው። ከ2026 እ.ኤ.አ. ገቢዎች ጀምሮ ጽሑፉ በሦስት ጥያቄ ተከፍሏል፦ ትምህርቱን ለምን ፈለግህ፣ የተማርከው እንዴት አዘጋጀህ፣ ከክፍል ውጭ ምን አደረግህ። በጠቅላላው 4,000 ሆሄያት ነው፤ ክፍት ቦታም ይቆጠራል።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ሰዎችን መርዳት እመኛለሁ» የሚለው ለሕክምናም፣ ለነርስም፣ ለማኅበራዊ አገልግሎትም ይሆናል፤ ስለዚህ ስለ ማንም አይናገርም። እናንተ በደጃችሁ ያለ ነገር አላችሁ። ባሕር ዳር ዙሪያ የሚቆረጠው ጫት ለምን ትኩስነቱ እንዲጠበቅ በእርጥብ ቅጠል ይጠቀለላል? አነቃቂው ካቲኖን ቅጠሉ ሲደርቅ ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ነው። ነጋዴው ኬሚስትሪውን ሳይማር ያውቀዋል። ወይም እንዶድ፦ አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች (የቢልሃርዚያን ትል የሚያስተላልፉት እነሱ ናቸው) አይተው ነው ቢልሃርዚያን ለመዋጋት ወደሚረዳው ምርምር የገቡት። ሥራው ለሳቸውና ለባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኝቷል። ወይም የጾም ወቅት፦ ወተትና እንቁላል በሌለበት ሳምንት ኮአርተም የታዘዘለት ሰው ቅባቱን ከየት ያምጣ? ዘይት ያለው ወጥ ወይም ለውዝ ይረዳል። እንዲህ ካለው አንዱን ያዙ፤ ያያችሁትን፣ የጠየቃችሁትን፣ ያነበባችሁትን ጻፉ። ያላነበባችሁትን አንብቤያለሁ አትበሉ።

ልጄን ለማስተማር ስንት ያስወጣኛል?

የላብራቶሪ ትምህርት ስለሆነ ርካሽ አይደለም፤ ደፍረን እንነግርዎታለን። በእንግሊዝ ለውጭ አገር ተማሪ የዓመት ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ሺህ እስከ 40 ሺህ ፓውንድ ነው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በዓመት 60 ሺህ የካናዳ ዶላር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው። ኑሮው ለብቻው ነው።

ለእንግሊዝ ቪዛ የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ (ወይም ያልተከፈለውን ቀሪ) እና የ9 ወር መኖሪያ ማሳየት ግዴታ ነው፤ ከኅዳር 2018 ጀምሮ ለንደን በወር 1,529፣ ከለንደን ውጭ 1,171 ፓውንድ ነው። ገንዘቡ ሒሳብ ውስጥ ለተከታታይ 28 ቀን ሳይጎድል መቀመጥ አለበት። በብር ካስቀመጡት ይጠንቀቁ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብር በአጭር ጊዜ ሊወርድ እንደሚችል አይተናል። ገንዘቡ ወደ ፓውንድ የሚሰላው ማመልከቻው በሚገባበት ቀን ባለው ምንዛሪ ነው፤ እስከዚያ ብሩ ከወረደ ያስቀመጡት ከሚፈለገው በታች ይሆናል። ቢያንስ ከ10 እስከ 15 በመቶ አትርፈው ያስቀምጡ። ሒሳቡ በእርስዎ ስም ከሆነ የልጁ የልደት ሰርተፊኬት ከወሳኝ ኩነት፣ የፈቃድ ደብዳቤዎም ከነትርጉሙ ይያያዛል።

በዚህ ላይ የጤና ክፍያው በዓመት 776 ፓውንድ ነው። ለ3 ዓመት ትምህርት ወደ 2,700 ፓውንድ ይሆናል፤ የሚከፈለውም በአንድ ጊዜ፣ ከማመልከቻው ጋር ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሳያስብ ይደርሳል። ካናዳ ደግሞ ከመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ተማሪ ከትምህርት ክፍያው ሌላ 22,895 የካናዳ ዶላር ማሳየት ይጠይቃል፤ ለባችለር ተማሪም የክፍለ ሀገሩ የማረጋገጫ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

«እየሠራ ይከፍላል» በሚል አይላኩት። በእንግሊዝ የዲግሪ ተማሪ በትምህርት ወቅት በሳምንት 20 ሰዓት፣ የፋውንዴሽን ተማሪ 10 ሰዓት ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ያ የምግብና የትራንስፖርት ያግዛል፣ የትምህርት ክፍያ አይሸፍንም።

ሙሉ ስኮላርሺፕ አለ?

ለባችለር ጥቂት ነው። ስሙ የሚጠራው ቺቭኒንግም፣ ኢራስመስ ሙንዱስም ለማስተርስ ነው። በፋርማኮሎጂ ዲግሪ ላይ ሊውል ከሚችለው አንዱ የቶሮንቶው ሌስተር ፒርሰን ስኮላርሺፕ ነው፤ የ4 ዓመት ትምህርት፣ መጽሐፍና ማደሪያ ይሸፍናል። ተማሪው ራሱን አያቀርብም፤ ትምህርት ቤቱ ነው አንድ ተማሪ ብቻ የሚያጭ። ስለዚህ 12ኛ ክፍል ሳትጨርሱ፣ መስከረም ላይ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ቅረቡ። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ያመለክቱበታል፤ ለባችለር ዕድሜ ከ21 በታች፣ ለፋርማሲና ለሕክምና ነጥብ ቢያንስ 90 በመቶ ይጠይቃል። የ1 ዓመት ቱርክኛ ይቀድማል፤ የሚገኘውም ፋርማሲ ነው።

ገንዘብ የሌለው ጎበዝ ተማሪ ሌላ ጥሩ መንገድ አለው፦ ፋርማሲን በባሕር ዳር ወይም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ ፋርማኮሎጂን በማስተርስ በሙሉ ስኮላርሺፕ ውጭ መማር። ፈቃዱም በእጁ ይኖራል፣ ሳይንሱንም ያገኛል። ይህን የምንለው ሕልማችሁን ለማሳነስ አይደለም፤ አብዛኛው ሙሉ ድጋፍ ያለው በዚያ ደረጃ ስለሆነ ነው።

አዲስ አበባ ስንት ጊዜ መሄድ አለብኝ?

ፓስፖርቱ ባሕር ዳር ይወጣል። ሌላው አዲስ አበባ ነው፤ ስለዚህ ጉዞ አጣምሩ። ለእንግሊዝ ከ6 ወር በላይ የሚቆይ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ አዲስ አበባ በሚገኘው የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ክሊኒክ ያደርጋል፤ ወረቀቱ 6 ወር ያገለግላል። ምርመራው ከማመልከቻው ይቀድማል፤ አሻራው ግን ካመለከታችሁ በኋላ ነው። ራጁ ላይ ጥርጣሬ ከታየ አክታ ተወስዶ እስኪበቅል 2 ወር ያህል ሊጠብቁ ይችላሉ። ልጅ ሳለ ሳንባ የታከመ ሰው የሕክምና ማስረጃውን ይዞ በሚያዝያ ይሂድ፤ ነሐሴ ላይ ከሄደ መስከረም ያልፈዋል።

በኤጀንት በኩል ላመልክት?

ማመልከት በራስ መሥራት የሚቻል ሥራ ነው። በኤጀንት ከሄዳችሁ ሁለት ነገር አትፍቀዱ፦ የትምህርት ክፍያ በግለሰብ ሒሳብ እንዲገባ፣ የማመልከቻው ኢሜይልና የይለፍ ቃል በሱ እጅ ብቻ እንዲሆን። «ቅበላ አረጋግጣለሁ» የሚል ሰው ማረጋገጥ የማይችለውን ነገር እየሸጠ ነው።

ከፋርማኮሎጂ ወደ ሕክምና መዛወር ይቻላል?

በመካከል አይዛወሩም። ተመርቆ በእንግሊዝ የ4 ዓመት የሕክምና ፕሮግራም ማመልከት ይቻላል፤ ለውጭ ተማሪ ቦታው እጅግ ጥቂት፣ ክፍያውም ከባድ ነው። ልባችሁ ሕክምና ላይ ከሆነ ከመጀመሪያው ሕክምና አመልክቱ።

ተመርቄ ስመለስ ሥራ አለ? ዲግሪዬስ እንዴት ይገመታል?

ሥራው አለ፤ የሥራ ማስታወቂያው ግን «ፋርማሲ» ብሎ ነው የሚወጣው። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም፣ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ በቂሊንጦ ያለው የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክና የዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪዎች ይህን ዕውቀት ይፈልጋሉ። በአገር ውስጥ ፋርማኮሎጂ የሚታወቀው በማስተርስ ስለሆነ፣ የባችለር ባለቤት ብዙ ጊዜ ማስተርስ እስኪጨምር ይቸገራል። በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎችም የፋርማኮሎጂ ማስተርስ መግቢያው አብዛኛውን ጊዜ ፋርማሲ፣ ሕክምና ወይም የእንስሳት ሕክምና ስለሆነ፣ ማስተርሱንም እዚያው ማሰብ ያዋጣል። እንግሊዝ ለተመራቂ የምትሰጠው የሥራ ቪዛ 2 ዓመት ነው፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ ለሚያመለክቱ ወደ 18 ወር ይቀንሳል።

የውጭ ዲግሪን አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ገማቹ የዲግሪውን ስም ብቻ ካየ ከምን ጋር እንደሚያስተካክለው ይቸገራል። ስለዚህ ከመመረቃችሁ በፊት እያንዳንዱን ኮርስ የሚገልጸውን ሰነድ ከነክሬዲቱና ከነላብራቶሪ ሰዓቱ በማኅተም አስወጡ፤ የመመረቂያ ጥናታችሁን ርእስና የአማካሪውን ፊርማ ያዙ፤ የቅበላ ደብዳቤውንና በየዓመቱ የታተመውን የቪዛ ገጽ አትጣሉ። ዩኒቨርሲቲው የተማሪ ኢሜይላችሁን ከተመረቃችሁ በኋላ ይዘጋዋልና ሰነዶቹን ሁሉ ወደ ግል ኢሜይላችሁ አሳልፉ።